እጅ ማየት ነውር ነው

ይህን ገጽ በየሳምንቱ የምትከታተሉ አንባቢዎቼ፣ "ራምዚና ኑኃሚን ተጋቡ ወይስ አልተጋቡም?" እያላችሁ ልቤን አውልቃችሁታል። ዛሬ መልሱን እነግራችኋለሁ። ደስ የሚል ነገር እሰማለሁ ብሎ የተቀመጠ ካለ ግን ገጹን ከወዲሁ ይዝጋ፤ ኋላ እኔን እንዳይወቅስ። ዛሬ ገና ለመጣችሁት ነገሩን ከሥሩ ልያዘውና የምታውቁት ትንሽ ታገሱኝ።

ራምዚ የመስቃን ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ በርበሬ ያመርታሉ። እሱ ግን ከእርሻ ጋር አልተስማማም። ቡታጅራ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ጌም ቤት ከፈተ። ቴሌቪዥን፣ በሁለት እጅ ተይዞ ቁልፉ የሚጫን ጆይስቲክና አግዳሚ ወንበር ካልሆነ በቀር ሌላ ዕቃ የላትም። ብርሃን እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅሏል። ታላቅ እህቱ ሳሌሃ በር ላይ ሻይና ብስኩት እየሸጠች ትረዳዋለች።

የከተማው ወጣት እዚያች ክፍል ውስጥ የሚሞተው ለአንድ ጨዋታ ነበር። የውጭ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ስላልነበረ "ሰይፈኞች" ይሉታል። መጀመሪያ የጨዋታው አንደኛ ክፍል ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው መጣ። እኔ የጨዋታ ሰው አይደለሁም፤ ሁለተኛውን ግን ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ፤ ልዩ ነበር። ሰይፈኛው ሁሉ የራሱ አካሄድ፣ የራሱ ምት፣ የራሱ ድካም አለው። መከላከሉም መሸሹም መምታቱም በጣት ተለምዶ ነው የሚመጣው፤ ለመልመድ ወራት ይፈጃል። ራምዚ በዚህ አቻ አልነበረውም። ጨዋታ የማይወድ ሰው እንኳ እሱ ሲጫወት ካየ ጉዳዩን ረስቶ ቆሞ ይቀራል።

ቤቱ አንድ ሕግ ነበረው። የተጋጣሚን እጅ ማየት ነውር ነው። ጣቱ የትኛው ቁልፍ ላይ እንደሄደ ያየ ሰው ምቱ ስክሪኑ ላይ ሳይደርስ ያውቀዋል፤ ይህ ደግሞ ሌብነት ነው። ዓይኑን ወደ ሰው እጅ የሰደደ ተነስቶ ይወጣል፣ ያን ቀን አይመለስም። ሕጉን ያወጣው ራሱ ራምዚ ነው። ከማንም በላይ የሚጠብቀውም እሱ ነበር፤ በዚህም ይኮራል።

ኑኃሚን የመጣችው ከታላቅ ወንድሟ ከይትባረክ ጋር ነው። ይትባረክ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋታ ይወዳል፣ ጨዋታ ግን አይወደውም። አባታቸው አቶ ገብረእግዚአብሔር ከጎጃም በሥራ መጥተው ቡታጅራ ያረጁ፣ በኋላም ሹመት ያገኙ ባለሥልጣን ናቸው። ኑኃሚን ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቤተሰቧ ትመጣለች። ወንድሟን "እስቲ እኔም ልሞክር" አለችው። ሞከረች፤ ተሸነፈች። በሳምንቱ ተመለሰች፤ ተሸነፈች። ሦስት ወር ሳይሞላ ወንድሟን ታሸንፈው ጀመር። ከዚያ ሁሉንም አሸነፈችና የቀራት ራምዚ ብቻ ሆነ። ሳሌሃ፣ ሴት ልጅ በወንዶች መሀል ብቻዋን እንዳትሆን ብላ፣ ኑኃሚን በመጣች ቁጥር ሻይዋን ትታ አጠገቧ ትቀመጥ ነበር።

በሁለተኛው ውስጥ ማንም የማይነካው አንድ ነገር አለ። አውራ ጣቶችን ከቁልፎቹ አንስቶ፣ በሌባ ጣቶች ከላይ ያሉትን ሁለት ቁልፎች ብቻ እኩል ጫን አድርጎ መያዝ። ያን ጊዜ ሰይፈኛው ሰይፉን ወደ መሬት ያወርዳል፤ ደረቱን ከፍቶ ይቆማል። የሰይፈኞች ሰላምታ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት ተጋጣሚው አንዴ ቢሰነዝር አለቀለት። ስለዚህ ሞኝ ካልሆነ በቀር ማንም አያደርገውም።

አንድ ቅዳሜ ከራምዚ ጋር ሲጋጠሙ ኑኃሚን አደረገችው። ራምዚ ጣቷ የተሳሳተ መሰለው። ሊመታት ሰነዘረና አልቻለም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ እንዳለ እሱም ሰይፉን አወረደ። ሁለቱ ሰይፈኞች ትጥቃቸውን መሬት አስነክተው ፊት ለፊት ቆሙ። ከኋላ ያሉት "ምን ሆናችሁ፣ ተበላሸ እንዴ?" እያሉ ጮኹ። ማንም አልገባውም። ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ብስኩት ይበላል። እሱ ሙስሊም ወንድ፣ እሷ የባለሥልጣን ልጅ የሆነች ክርስቲያን ሴት፣ በዚያች ከተማ መሀል በሰው ፊት ቀና ብለው መተያየት የማይችሉት ሁለቱ፣ ሰው በሞላበት ቤት እወድሃለሁ እወድሻለሁ ተባባሉ። ራምዚ ያን ቀን ሶላቱን ሲሰግድ ልቡ አልሰበሰብ ብሎት ደጋገመው።

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። በመጣች ቁጥር ከመጋጠማቸው በፊት አንዴ ሰይፍ ያወርዳሉ፤ ከዚያ ይፋለማሉ። ስክሪኑ ላይ እንጂ ሌላ ቦታ አይተያዩም።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን በጨዋታው መሀል መብራት ሄደ። ልጆቹ እየተራገሙ ወደ ደጅ ወጡ፤ ይትባረክም ስልክ ሊደውል ወጣ። ሳሌሃ ሻማ ፍለጋ ጓዳ ገባች። በግማሽ ጨለማ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ። ራምዚ ይህን ጊዜ ስንት ወር ጠብቆታል።

"ሽማግሌ ልልክ ነው" አላት በመጨረሻ።

"አባቴ ይመልሳቸዋል።"

"ቢመልሳቸውስ? አብረሽኝ ትቆሚያለሽ?"

ጆይስቲኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር። ከዚያ አሁን መልስ እንደማትሰጠው፣ ክረምቱን መጨረስ ያለባት ነገር እንዳለ ነገረችው። ምን እንደሆነ ቢጠይቃት አልተናገረችም። በስልክ ንገሪኝ ቢላት እንቢ አለች።

"ለመስቀል እመጣለሁ" አለችው። "እዚሁ እመልስልሃለሁ፤ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ማንም ሳይሰማ። ሰይፌን ካወረድኩ ያንተ ነኝ፤ ማንም አይመልሰኝም። ከመታሁህ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ።"

"ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ምን አመጣው?" የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ያፈቀረ ሰው አቋራጭ መንገድ ሲወድ አይቼ አላውቅም። እነሱ የተዋወቁበት ቋንቋ ያ ነበር፤ ትልቁን ነገር በዚያው ሊናገሩት ፈለጉ። መብራቱ መጣ። ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ። ራምዚ ዓለም የእሱ መሰለችው።

ክረምቱ ገባ፤ ከክረምቱ ጋር ሦስተኛው መጣ።

ሦስተኛውን ያመጣው ከመንገዱ ማዶ ትልቅ ጌም ቤት የከፈተው ሸረፋ ነው። ስክሪኑ ሰፊ፣ ሥዕሉ የሰው ፊት ላብ እንኳ የሚያሳይ። ራምዚ አንድ ቀን ሊያይ ሄዶ እየሳቀ ተመለሰ። ቀጥሎ ግን ሳቁ ጠፋ። ሠሪዎቹ ጨዋታውን ለሁሉም እናድርገው ብለው አቅልለውታል። መከላከል የሚባል ነገር የለም፤ ሰይፈኛው ራሱ ይከላከላል። አካሄዱ፣ ድካሙ፣ ልዩነቱ ተሰርዟል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመታል። አላዋቂም አዋቂም ቁልፎቹን እንዳገኘ ሲነካካ ስክሪኑ በእሳት ይሞላል፤ ተጋጣሚው ይወድቃል። ጆይስቲክ ይዞ የማያውቅ ሰው ዓመት የለፋውን ይጥለዋል።

ከተማው ወደደው። ለምን አይወደው? የቢሮ ሠራተኛው፣ የሱቅ ልጁ፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ሁሉም ገብቶ ያሸንፋል። ማሸነፍ የማይወድ ማን አለ? የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል እንደሚባለው፣ ከተማው ሲልስ ራምዚ ለብቻው አለቀሰ። "ጨዋታውን አላሳደጉትም፣ ጥርሱን ነው ያወለቁት" ይል ነበር ለሚሰማው። የሚሰማው ደግሞ በየቀኑ እያነሰ ሄደ። አግዳሚዎቹ ባዶ ሆኑ።

ኩራቱን የሰበረው ግን ባዶው ወንበር አይደለም። የአቶ ገብረእግዚአብሔር በር ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው "ልጁ ምን ይሠራል?" ሲባሉ ምን ሊሉ ነው? ደንበኛ የሸሸው ጌም ቤት አለው? ስለዚህ ጳጉሜን ላይ የድሮ ማሽኖቹን አስረክቦ አዲሶቹን አመጣ። አዲሱ ማሽን የድሮውን ሲዲ አይቀበልም፤ ሁለተኛው ከዚያ ቤት ለዘላለም ወጣ። ከድሮ ተጫዋቾቹ አንዱ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ደበሌ፣ ይህን ሲያይ በር ላይ ቆሞ ቀረ።

"ሁለትን አውጥተህ ጣልከው፣ አይደል?" አለው። "ስትሰድበው የከረምከውን ለራስህ አመጣኸው።"

"ባዶ ቤት ይዤ የሰው ልጅ ልጠይቅ?"

ደበሌ የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቀም፤ ከዚያ ቀን በኋላም ወደዚያ ቤት አልመጣም። ወንበሮቹ ግን ሞሉ። ራምዚ ቤቱ ሞልቶ እያየ ተዋረደ።

ሦስተኛውን በጣም ስለናቀው አልተማረውም። ለማን ብሎ? ሕፃን የሚችለውን ቁልፍ ልለማመድ ወይ አለ። ስለ መስቀሉ ቀን ግን አስቦበታል። እንደ ድሮው ሰይፍ ማውረድ ኖረ አልኖረ፣ እሺ ልትለው ከፈለገች እጇን አንስታ ዝም ብትል ይበቃል። እሱ ይረዳታል። ይህን አስቀድሞ ደውሎ ሊነግራት አሰበና ተወው። ኑኃሚን ብልህ ናት፣ ሳይነገራት ይገባታል አለ። አንባቢዎቼ፣ ሰው በገዛ እጁ ጉድጓድ ሲቆፍር እንዲህ ነው፤ አንድም ቀን ቁፋሮ መሆኑን አያውቀውም።

በ2007 መስቀልና አረፋ በአንድ ሰሞን ዋሉ። ቡታጅራ ከየአገሩ በተመለሰ ልጇ ተጨናነቀች። የራምዚ ቤት እግር መጣያ የላትም። ከሰዓት በኋላ ኑኃሚንና ይትባረክ ገቡ። ይትባረክ ኮት ለብሷል፤ ራምዚን ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ስለ ቤተሰቡ ጤና አንድ በአንድ ጠየቀው። ራምዚ ገረመው፤ በዓሉ ነው ብሎ አለፈው። ኑኃሚን ነጭ ነጠላ ለብሳ ነበር። አዲሱን ስክሪን ስታይ ተገረመች። ሥዕሉ ተለወጠ እንጂ ሰይፈኞቹ እነዚያው ናቸው፤ ያው ጥቁር ካባ፣ ያው ቀይ መቀነት። ተቀመጠች። ሳሌሃ እንደ ልማዷ አጠገቧ መጣች።

ራምዚ ጆይስቲኩን አነሳ። ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተከለ። ከኋላው ጩኸት፣ ከውጭ የመስቀል ጭፈራ። በልቡ "አውርጂው፣ አውርጂውና ዛሬውኑ ሽማግሌዎቹን ልላክ" ይላል። እጁን ከቁልፉ አንስቶ ጠበቃት።

የእሷ ሰይፈኛ ወደ ላይ ዘለለ። ስክሪኑ በእሳት ተሞላ። አንድ ምት ብቻ ነበር፤ የራምዚ ሰይፈኛ ደረቱን ተሰንጥቆ ወደቀ።

ቤቱ በሳቅና በጩኸት ተናጋ። ራምዚ ተሳስታ ይሆናል አለ፤ ተሳስታ ነው። ሁለተኛው ዙር ጀመረ። አሁንም እጁን አንስቶ ጠበቃት። ትንሽ ዘገየች፤ በዚያች ትንሽ ጊዜ ውስጥ ራምዚ አላህን ለመነ። ከዚያ ሰይፈኛዋ እንደገና ዘለለ፤ እሳቱ እንደገና መጣ። ጨዋታው አለቀ። "የጌም ቤቱን ባለቤት አዋረደችው!" አለ አንዱ ከኋላ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት።

ራምዚ ዞሮ አያት። እሷም ታየው ነበር። ዓይኗ ፈጦ፣ ከንፈሯ ተከፍቶ፣ አንድ ነገር ልትል። እሱ ግን ያየው ኩራት ነው፤ ንቀት ነው። የተናቀ ሰው የሚያየው የሚፈራውን ነው።

"ሦስትን የሠሩት ለእንዳንቺ ዓይነቱ ነው" አለ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ሳይለፋ ለሚያሸንፍ። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። የአባትሽም ሹመት በዚሁ መንገድ የመጣ ነው አሉ።"

ሳቁ ቀጥ አለ። እዚያ ላይ ቢያቆም እንኳ ይሻል ነበር። አላቆመም።

"ይትባረክ፣ እህትህን ያዛት። ዓመት ሙሉ እዚህ ቤት ሰይፏን ለእኔ ስታወርድ ነው የከረመችው። ለእኔ ብቻ ይሁን ለሌላም እንጃ።"

ኑኃሚን አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠች። ራምዚ ይትባረክ እንዲመታው ጠበቀ፤ እንዲያውም ቢመታው ወደደ። ይትባረክ ግን ተነስቶ ኮቱን አስተካከለ። ሐሰተኛ ብር በእጁ የገባ የባንክ ሠራተኛ እንደሚያይ አየውና "ተነሽ ኑኃሚን፣ እንሂድ" አላት። መንገድ ተከፈተላቸው። በር ላይ የነበሩት ወጣቶች ነጠላዋን እያዩ ተንሾካሾኩ። ራምዚ በዚያች ደቂቃ አሸናፊ እንደሆነ ተሰማው፤ ከዚያ ቀጥሎ የተሰማውን ግን ስም ማውጣት አልቻለም።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈሯ ደረሰ። በሳምንቱ መጨረሻ ትመጣ የነበረችው ልጅ ከዚያ ወዲያ ቡታጅራን አልረገጠችም። የተናገረው ነገር በየሻይ ቤቱ እየደለበ ሄደ፤ "ለሌላም እንጃ" ያለው "ለሁሉም" ሆነ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ራምዚ እየሰማ ዝም አለ። የተበደልኩት እኔ ነኝ ይል ነበር ለራሱ፤ ብሎም አመነበት። ሐዘኑንም ወደደው፤ ጢሙን አሳደገ፣ ምግብ ቀነሰ፣ በደለኛዋን ማሰብ ሥራው ሆነ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ጠዋት ሳሌሃ ቤቱን እየጠረገች የኑኃሚንን ስም አነሳች። ራምዚ እንዳታነሺብኝ አላት። ሳሌሃ ግን ሆዷ ውስጥ የከረመ ነገር ነበራት።

"እኔ ጨዋታችሁን አላውቅም" አለችው። "ያን ቀን ግን እጇን አይቼዋለሁ። አውራ ጣቶቿን ወደ ላይ አንስታ፣ በእነዚህ ብቻ ይዛ ነበር።" ሁለቱን ሌባ ጣቶቿን አሳየችው። "ሁለቱንም ጊዜ እንደዚያው። ወላሂ፣ ሌላ ቁልፍ አልነካችም። እንዲህ ይዞ ማሸነፍ አለ ወይ ብዬ ገርሞኝ ነው።"

ራምዚ መጥረጊያውን ረግጦ ወደ ማሽኑ ሄደ። አበራው። አውራ ጣቶቹን አነሳ። ከላይ ያሉትን ሁለቱን ቁልፎች እኩል ጫናቸው። ሰይፈኛው ዘለለ፤ ስክሪኑ በእሳት ተሞላ። እንደገና ጫናቸው። እንደገና እሳት። የድሮውን ሰላምታ ሰርዘው በቦታው ትልቁን ምት አስገብተውታል፤ ማንም ያልለመደ እንዲያገኘው፣ ለሁሉም እንዲቀል። "እሺ፣ ያንተ ነኝ" ብላዋለች፤ ሁለት ጊዜ ብላዋለች። ራምዚ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሳሌሃ ምን እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችው።

በማግስቱ ወልቂጤ ወረደ። መንገድ ላይ ልቡ ቀለለው፤ እንዲያውም ደስ አለው። ስህተት ነው፣ የእሱም የእሷም ያልሆነ፣ የአገር ቤትን ሰው የማያውቁ ሠሪዎች የሠሩት ስህተት። ይነግራታል፤ ታለቅሳለች፤ ያለቅሳል፤ ያልቃል። ለልምምድ የተመደበችበት መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ለምሳ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ወጣች። ስታየው ቆመች፤ ጓደኞቿን ቅደሙ አለቻቸው። ከስታለች። ሰላም አላለችውም፤ አልሸሸችውምም።

ራምዚ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ስለ ቁልፎቹ፣ ስለ እሳቱ፣ ሳሌሃ ስላየችው። ጨዋታው ነው ያጣላን አላት። እጇን ብቻ ማየት ይገባው ነበር፤ ግን እጅ ማየት ነውር ነው ብሎ ስክሪኑን አየ። ጨርሶ እስኪያበቃ ድረስ አላቋረጠችውም።

"አውቄዋለሁ" አለችው። "ያኔውኑ ነው ያወቅሁት። ሁለተኛውም እሳት ሲሆን ቁልፉ ተለውጧል አልኩ። አሁን ዞሮ ያየኛል፣ ፊቴን አይቶ ይገባዋል ብዬ ጠበቅሁህ። ስትዞር ደስ አለኝ እኮ።"

"ተናድጄ ነው ኑኃሚን። ልቤ ተሰብሮ..."

"ምቱ የጨዋታው ጥፋት ነው፣ እሺ። እጄን አለማየትህም ለሕግህ ብለህ ነው፣ እሺ። ስድቡንስ? እሱን የትኛው ቁልፍ ነው የተናገረው?"

ባጃጆች እየጮኹ ያልፋሉ። ሽማግሌ ዛሬም ልልክ እችላለሁ አላት፤ አባትሽ ቢመልሷቸው፣ ቢሰድቡኝም ደጃቸው ላይ እተኛለሁ አላት። ኑኃሚን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምጿ ግን አልተለወጠም።

"ክረምቱን የምጨርሰው ነገር አለኝ ያልኩህ አባቴን ልነግረው ነበር" አለችው። "ነገርኩት። ስንት ቀን አላናገረኝም። እናቴ ታመመች። በመጨረሻ ጠርቶ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ 'ልጁ ጨዋ ነው?' አለኝ። ጨዋ ነው አልኩት። 'የሃይማኖቱን ነገር ሽማግሌዎች ይነጋገሩበት፤ እኔ የምፈልገው ጨዋነቱን ነው። ይትባረክ ሄዶ ይየውና ይንገረኝ' አለ።"

ራምዚ ኮቱን አስታወሰ ልላችሁ ነበር፤ ምንም አላስታወሰም። ጭንቅላቱ ባዶ ነበር።

"ያን ቀን ይትባረክ የመጣው ሊጫወት አይደለም" አለች። "አንተን ሊያይ ነው። ሰይፌን አውርጄ እሺ ስልህ፣ እሱ ደግሞ ማታ ለአባቴ ጨዋ ነው ሊለው ነበር። ሽማግሌዎችህ የሚመልሳቸው አልነበረም።"

"ምን ብሎ ነገራቸው?"

"የተናገርከውን እንደወረደ መንገር አልቻለም። ስለ አባቴም ስለ እኔም ነው፤ እንዴት ይንገረው? 'ይቅርባት' ብቻ አለው። አባቴም ሌላ አልጠየቀም።" ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "እኔ አሁንም እወድሃለሁ። አልዋሽህም። ግን አባቴ ፊት ቆሜ ጨዋ ነው ያልኩት ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ የለም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።"

ወደ ግቢው ተመለሰች፤ ምሳም አልሄደችም። ዘበኛው በሩን ከፈተላት፤ ዘጋው።

እስከዚያች ሰዓት ራምዚ ያዘነ ሰው ነበር። ሐዘኑንም እንደ ማዕረግ ተሸክሞት ከርሟል። በወልቂጤ የቀትር ፀሐይ፣ በዚያ የተዘጋ በር ፊት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያፈረው። ሐዘን ሰው ፊት ይዘውት የሚወጡት ነገር ነው፤ ሐፍረት ግን የሚያሳዩት ሰው የለም። የቡታጅራ ሚኒባስ ረዳት "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ሲጣራ ራምዚ እሱን እንደማይጠራ ሆኖ ተሰማው።